ስፒናውን ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ኮረንቲ ነው። “ደግሞ ኮረንቲ ምን ጨዋታ አለው?” እንዳትሉኝ። ኮረንቲም እንደ ፍቅር ነው፤ ሳይተዋወቁ ዘው ብለው ከገቡበት ያቃጥላል።

እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ማይክሮዌቭ የለም? ከካርቶኑ ሳይወጣ ዓመት የሞላው የቡና ማፍያስ? አልጋ ሥር የተገፋ የጭማቂ መፍጫስ? አብዛኛው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው። አንዳንዱን “ይቃጠላል” ስለተባለ ፈርተን አስቀመጥነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ሳንፈራ ሰክተነው አሁን ለጌጥ ሆኗል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የአንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ስሟ ይቆየን። የፀጉር ሥራ ተምራ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ዋሽንግተን የምትኖረው ታላቅ እህቷ “እስከ መቼ ለሰው ትሠሪያለሽ? የራስሽን ክፈቺ” ብላ ሁለት ካስክ፣ ሁለት የእጅ ፀጉር ማድረቂያ፣ አንድ የፀጉር ካውያና አንድ ቶንዶዝ ላከችላት። ልጅቷም የሦስት ወር ኪራይ ቀድማ ከፍላ አንዲት ጠባብ ቤት ያዘች፤ መስታወት ሰቀለች፤ ቀለም ቀባች። የአሜሪካው ስፒና ጠፍጣፋ ስለሆነ አልገባ ቢላት ከሱቅ የስፒና መቀየሪያ ገዝታ አንደኛውን ማድረቂያ ሰካችው።

“መጀመሪያ እንደ አውሮፕላን ጮኸ፤ ወዲያው ውስጡ ቀይ ሆነ፤ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝና ፀጥ አለ” ትላለች። ዕድሜ ለጎረቤት፣ ሌላውን እንዳትሰኪ አሏት። አሁን ዕቃው ተቆልፎበታል፤ ኪራዩ ግን ይቆጥራል። እህቷ በየእሁዱ ደውላ “ሥራ እንዴት ነው?” ስትላት “ተመስገን ነው” ትላለች። ጥያቄዋ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀሪውን ዕቃ ምን ላድርገው? ሁለተኛ፣ እህቴ ሌሊት ሠርታ የገዛችውን በአንድ ደቂቃ አቃጠልኩት ብዬ እንዴት ልንገራት?

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ የተማርኩት ፊዚክስ የሁለተኛ ደረጃውን ነው። ደግነቱ ለዚህ ጉዳይ እሱ ይበቃል፤ የጎደለውን ደግሞ ሞተር ጠምጥመው የሚተዳደሩ አንድ አባት አሟልተውልኛል። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” የሚለው ተረት እሳቸው አፍ ላይ ሲያምር!

*ለምን ይቃጠላል?*

ቮልት ማለት እንደ ቧንቧ ውሃ ግፊት ነው። የኛ አገር ሶኬት የሚሰጠው 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120 ነው፤ ዕቃዎቻቸው ላይ 110፣ 115 ወይም 120 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁሉም ያው ነው። የኛ ግፊት ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

“ታዲያ እጥፍ ቢሞቅ ምናለ? ቶሎ ያደርቅልኛል” የምትል አትጠፋም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ላይ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በልጅቷ ማድረቂያ እናስላው። አሜሪካ 1500 ዋት የነበረ ማድረቂያ 220 ላይ ሲሰካ ወደ 5000 ዋት ይጠጋል። ይህ ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ይበልጣል! የምጣድ እሳት በእጅ በሚያዝ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለናንተ አይነገርም። ማድረቂያው በደቂቃ መሞቱ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ነድዶ መጋረጃ ቢይዝ ኖሮ ደብዳቤው ሌላ ይሆን ነበር።

ለመሆኑ ዓለም ለምን በአንድ አልተስማማም? ቶማስ ኤዲሰን በ1882 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ለሕዝብ መብራት ማከፋፈል ሲጀምር ለአምፖሎቹ የተስማማው 110 ቮልት አካባቢ ነበር። አሜሪካኖች አምፖሉንም ዕቃውንም በዚያ ለምደው ቀሩ። አውሮፓውያን ግን ግፊቱን ከፍ ቢያደርጉት ያንኑ ኃይል በቀጭን ሽቦ ማድረስ እንደሚችሉ አይተው ወደ 220 ሄዱ። እኛም የአውሮፓውን መንገድ ነው የያዝነው። ጃፓን የባሰባት ናት። ቮልቷ 100 ብቻ ሆኖ፣ ቶኪዮ ያለው ኮረንቲና ኦሳካ ያለው ኮረንቲ እንኳ በሌላ ነገር ይለያያሉ። ያንን “ሌላ ነገር” ትንሽ ቆይቼ አመጣዋለሁ።

*ጀርባው ምን ይላል?*

ማንኛውም ዕቃ ከጀርባው፣ ከሥሩ ወይም ከቻርጀሩ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለው። ደቃቅ ስለሆነ መነጽር አድርጋችሁ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ አንብቡት። ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው “ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ” የሚል ነው። ይህ የዓለም ዜጋ ነው፤ የስፒና መቀየሪያ ብቻ አድርጋችሁ ስኩት። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የካሜራ ባትሪ መሙያ ባብዛኛው እንዲህ ነው። ብዙ የፀጉር ካውያም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ሁለት ቁጥር የሚጽፍ ነው፤ “110/220” ወይም “125/250” ይላል። ይህ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ወይም በሳንቲም የሚዞር ትንሽ መቀየሪያ አለው። መጀመሪያ ወደ ትልቁ ቁጥር አዙሩት፣ ከዚያ ስኩት። ሁለቱም ተጽፎበታል ብላችሁ ሳታዞሩ ከሰካችሁት ያው 110 ነው፤ ይነዳል።

ሦስተኛው “120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ” ብቻ ብሎ ዝም የሚለው ነው። አደራ! ይህን በስፒና መቀየሪያ እንዳትሰኩት። የስፒና መቀየሪያ የሚቀይረው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋውን ክብ ያደርገዋል እንጂ 220ውን 120 አያደርግም። ልጅቷን የሸወዳት እሱ ነው፤ “ገባ” ማለት “ሆነ” ማለት አይደለም። ስፒናውን ቆርጦ የኛን አገር ስፒና የሚገጥም ሠፈር ውስጥ የማይጠፋ ጎበዝም የሚያደርገው ያንኑ ነው።

*ትራንስፎርመር ለማን?*

ለሦስተኛው ዓይነት መፍትሔው 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ሲገዛ ግን የሚታየው የሳጥኑ ማማር ሳይሆን ዋቱ ነው። የዕቃውን ዋት ካላገኛችሁ ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት፤ 120 ቮልት፣ 5 አምፔር የሚል ዕቃ 600 ዋት ነው። ሙቀት ብቻ ለሚሰጥ ዕቃ ከሩብ በላይ ጨምሩበት፤ ለ1500 ዋት ባለ 2000 እንደማለት ነው። እንደ ፍሪጅ ሞተር ያለው ግን ሲነሳ ከለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይፈልጋል።

ማይክሮዌቭ ደግሞ ብዙዎችን ያታልላል። በሩ ላይ “1000 ዋት” ተብሎ የተጻፈው ለምግቡ የሚሰጠው ነው፤ ከሶኬት የሚስበው ግን ከጀርባው ሲነበብ 1500 ይሆናል። በፊቱ አምኖ ባለ 1000 ዋት ትራንስፎርመር የገዛ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ሌላው መምታታት ስታብላይዘር ነው። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን መብራት የሚያስተካክል እንጂ በራሱ 110 የሚያደርግ አይደለም። አንዳንዱ 110 የሚል ቀዳዳ አለው፤ እሱ ቀዳዳ የሚችለው ዋት ግን ከሙሉው ሊያንስ ይችላልና ጽሑፉን እዩ። መንገደኞች የሚይዟት የእጅ መዳፍ የምታክል ቀላል መቀየሪያም አለች። እሷ ለአጭር ጊዜ ለካውያና ለማድረቂያ ታስባ የተሠራች ናት፤ ቴሌቪዥን ወይም ሞተር ያለው ነገር ብትሰኩባት ታበላሻለች። እውነተኛ ትራንስፎርመር በውስጡ ብረትና መዳብ ስላለ ከባድ ነው። ትልቅ ዋት ጽፎ እንደ ላባ ከቀለላችሁ ጠርጥሩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዝም ብሎ መጮሁ አያስፈራችሁ፤ ትራንስፎርመር ያዜማል። እጅ የማያስነካ ትኩሳት ካለው ግን ንቀሉት። ሥራ ስትጨርሱም ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ዕቃው ቢጠፋም ትራንስፎርመሩ እንደተሰካ ጥቂት ጥቂት መብላቱን አይተውም።

*50 እና 60*

አሁን ወደዚያ “ሌላ ነገር” እንምጣ። ጽሑፉ ላይ “ሄርዝ” የሚለውን አይታችኋል። ኮረንቲ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገር ቁጥር ነው፤ የኛ 50፣ የአሜሪካ 60። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህን አይቀይርም። ሻጩ “ሁሉን ያስተካክላል” ቢላችሁ አትመኑት።

ለካውያ፣ ለዳቦ መጥበሻ፣ ለቡና ማፍያ ይህ ቁጥር ምንም አይደለም። እንደ ጭማቂ መፍጫ ያለ፣ ካርቦን ብሩሽ ያለው የሚጮህ ሞተርም ግድ የለውም። ከመብራቱ ምት ጋር የሚሄድ ሞተር ግን ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ እየለፋም ይሞቃል። እንዲህ ያለው የአሜሪካ የግድግዳ ሰዓት እኛ አገር በሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። የድሮ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያና ውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው ማይክሮዌቭ በዚህ ይጎዳሉ፤ ዛሬ ቢሠሩ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ሞተር ጠምጣሚው እንዳሉኝ፣ “ትራንስፎርመር አለኝ” እያሉ የተቃጠለ ሞተር የሚያመጡላቸው ጥቂት አይደሉም።

*ለደብዳቤዋ ጸሐፊ*

እንግዲህ እህቴ፣ ዕቃሽን አንድ በአንድ እንየው።

የፀጉር ካውያው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። “100–240” ካለ ነገውኑ ሥራ ጀምሪበት። ሁለተኛውን የእጅ ማድረቂያ ገልብጠሽ ያንን በሳንቲም የሚዞር መቀየሪያ ፈልጊ፤ ካለው ዕድለኛ ነሽ። ከሌለው ለሱ ብቻ ባለ 2000 ዋት ትራንስፎርመር መግዛት አያዋጣሽም፤ የኛን አገር 220 ማድረቂያ ዋጋ ከትራንስፎርመሩ ጋር አስተያይተሽ የሚሻልሽን ምረጪ። የተቃጠለውን “ሽቦውን እቀይረዋለሁ” የሚል ይመጣል። የዚህ ዕቃ ትንሿ ሞተር የምትነሳው ባብዛኛው ከሚሞቀው ሽቦ በሚካፈል ኮረንቲ ነው፤ የአንዱ መቀየር ብቻ አያድነውም። ሲጋል ራሱን የሚያጠፋበትን መቁረጫ ዘልሎ በቀጥታ የሚያገናኝልሽ ሰው ከመጣ ደግሞ አመስግነሽ ሸኚው፤ ነገ የሚቃጠለው የደንበኛሽ ፀጉር ነው።

ቶንዶዙ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ቻርጀሩን አንብቢ፤ ሁሉን ሊቀበል ይችላል። በቀጥታ በሽቦ የሚሠራና 60 ሄርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ግን በትራንስፎርመርም እኛ አገር ይንቀራፈፋል፣ ይሞቃል፣ ፀጉር ይነጫል። ደንበኛ የሚሸሸው እንዲህ ነው፤ ተይው።

ካስኮቹ ናቸው ዋናው ሀብትሽ። በአንድ በኩል ማሞቂያ፣ በሌላ በኩል ማራገቢያ አላቸው። በትራንስፎርመር ቢሠሩም ማራገቢያው ከዘገየ ነፋሱ ያንስና ሙቀቱ ይበረታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማሞቂያውን በ220፣ ማራገቢያውን በ220/50 ሊለውጥልሽ ይችል እንደሆነ አስመርምሪ። ዋጋውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከአዲስ ካስክ ግማሽ ካለፈ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የተከራየሽው ቤት ሽቦ ስንት እንደሚችል ጠይቀሻል? ባለ 10 አምፔር መስመር 2200 ዋት ብቻ ነው የሚሸከመው። ሁለት ካስክና አንድ ማድረቂያ በአንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ከሰበሰብሽ ዕቃው ትክክል ቢሆንም ሽቦው ይግላል። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንድ ቀን አስገቢና ለየካስኩ የራሱ መስመር፣ ኧርዝ ያለው ሶኬት ያስገባልሽ። እጅሽ እርጥብ ሆኖ የምትሠሪበት ሙያ ነውና በኧርዝ ቀልድ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ መልሱ ግን አጭር ነው። በሚቀጥለው እሁድ ንገሪያት። “ተመስገን” ባልሽ ቁጥር የሚጎዳው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሥራው የሄደ መስሏት ሌላ ዙር ልትልክልሽ ትችላለች፤ ያው 120 ቮልት ነው የሚመጣው። ደረሰኙን ይዛ ከሆነና ያልተነካውን የሚወስድልሽ መንገደኛ ካገኘሽ ደግሞ አሜሪካ ብዙ ሱቅ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልሶ ይቀበላል። ያ ቀን አንቺ ባፈርሽ ቁጥር እያለፈ ነው። እሷም ብትሆን አንብባ አልላከችም። ሌሊት የሠራችው ላንቺ ሥራ እንጂ ለማድረቂያው አይደለም። “ዕቃው የዚህን አገር ኮረንቲ አይችልም፤ አንዱ ተቃጠለ፤ ቀሪውን አንቺ ጋ ልመልሰው ወይስ እዚህ ላስቀይረው?” በያት። ስታማክሪያት ቢከፋትም ይወጣላታል፤ ከሌላ ሰው ብትሰማው ግን አይወጣላትም።

*ከሌላ አገር የሚመጣስ?*

ሁሉም አሜሪካ አይደለም። ከዱባይ፣ ከኩዌት፣ ከቤሩት፣ ከእስራኤልና ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ ከ220 እስከ 240 ቮልትና 50 ሄርዝ ስለሆነ የሚያጣላን ባብዛኛው የስፒናው ቅርጽ ነው። ሳዑዲን ግን ለይታችሁ እዩ። እዚያ ለብዙ ዘመን ቤት ውስጥ ሲሠራበት የኖረው 127 ቮልት ነው፤ ወደ 230 ቀስ በቀስ እንዲለወጥ መንግሥታቸው የወሰነው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሄርዙም 60 ነው። ስለዚህ ከጅዳ ወይም ከሪያድ የመጣ ዕቃ፣ በተለይ ቆየት ያለው፣ “ዓረብ አገር ያው ነው” ተብሎ አይሰካም፤ ጀርባው ይነበባል።

ነገሩ በተቃራኒውም አለ። እዚህ ያሉ እናቶች “ልጄ እንጀራ ናፈቃት” ብለው የኛን አገር የኤሌክትሪክ ምጣድ አሸክመው አሜሪካ ይልካሉ። እዚያ ተራ ሶኬት ላይ ሲሰካ አይቃጠልም፤ ለብ ይላል። ሙቀቱ ከሲሶ በታች ስለሚወርድ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። የአሜሪካ ቤት ለምድጃና ለልብስ ማድረቂያ የሚሆን የ240 ቮልት መስመር አለው፤ ምጣዱ እዚያ ላይ ሊሠራ የሚችለው ግን የዚያ አገር ባለሙያ መስመሩን በደንብ ሲያዘጋጀው ነው፤ ሙቀቱም እዚህ ከለመድነው ትንሽ ይጨምራል። ብዙዎቹ የኛ ሰዎች ያገኙት ዘዴ ደግሞ ደስ ይላል። የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካኖች ሌፍሴ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አለ፤ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የኛ እህቶች እሱን ገዝተው እንጀራቸውን ይጋግሩበታል። ከአገር ቤት ምጣድ ከመሸከም ለአክንባሎ የሚሆን ክዳን መፈለግ ይቀላል።

*ለላኪዎችም ለተቀባዮችም*

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ልታስደስቱን ላባችሁን ታፈሳላችሁና ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ለሚቀበላችሁ ላኩ። “220–240፣ 50 ሄርዝ” ወይም “100–240” ካላለ ተዉት። ሙቀት የሚሰጥና ትልቅ ሞተር ያለው ነገር እዚሁ ቢገዛ ይሻላል፤ ለኪሎ የምትከፍሉትና ለትራንስፎርመሩ የሚወጣው ሲደመር የዕቃውን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ላፕቶፕ፣ ስልክና በቻርጀር የሚሠራ ነገር ግን ላኩ፤ እሰየው ነው።

ተቀባዮችም፣ ትክክለኛው ዕቃ እንኳ ቢሆን መብራት ሲጠፋ ንቀሉት። መብራቱ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ማለቱ ስለማይቀር አምስት ደቂቃ ያህል ታገሱና ስኩ፤ ለፍሪጅ ሞተር ይህ ዕረፍት በተለይ ይጠቅመዋል። የሦስት እግር ስፒና ሦስተኛ እግሯ ለጌጥ አልተሠራችም፤ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የምታወርደው እሷ ስለሆነች አትቁረጧት።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ መከራ የሚድነው ግማሽ ደቂቃ በማይፈጅ ንባብ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። እናንተም ያልገባችሁ ጽሑፍ ያለው ዕቃ ካለ እንዳለ ገልብጣችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን የሚያውቁትን ጠይቄ እመለሳለሁ።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።